ከቤት የማይወጣ ኢንተርኔት፦ በሲም ካርድ የሚሠራው የቤት ራውተር በሴቶች ሚዛን

በሲም ካርድ የሚሠሩ የቤት ውስጥ 4ጂ ራውተሮች ሲገመገሙ የሚነሡት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ፍጥነታቸው ምን ያህል ነው? በአንድ ጊዜ ስንት መሣሪያ ያስተናግዳሉ? አንቴናቸው ከውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? ዋጋቸውስ ከሚሰጡት አገልግሎት ጋር ይመጣጠናል? ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበትና ባነበብኳቸው የምርት ግምገማዎች ውስጥ ያላገኘሁት ሌላ ጥያቄ አለ፤ አባወራው ከቤት ሲወጣ ኢንተርኔቱ አብሮት ይወጣል ወይስ ቤት ይቀራል? ይህንን ዓይነት ራውተር ከሁለት ተፎካካሪዎቹ፣ ማለትም የስልክን ኢንተርኔት በዋይፋይ ለሌሎች መሣሪያዎች ከሚያካፍለው የስልክ ሆትስፖትና ከኪስ ዋይፋይ ጋር እያነጻጸርኩ የምገመግመው በዚህ ጥያቄ መነሻነት ነው።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ማስረዳት ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አገሮች ስለ ቤተሰቦች የኢንተርኔት ተደራሽነት መረጃ ሲሰበስቡ እንዲከተሉት ያዘጋጀው መመሪያ አለ። በመመሪያው መሠረት አንድ ቤተሰብ ኢንተርኔት አለው የሚባለው አገልግሎቱ ለሁሉም የቤተሰቡ አባላት በማንኛውም ጊዜ ክፍት ሲሆን ነው፤ አባላቱ ተጠቀሙበት አልተጠቀሙበት ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ትርጓሜ በጥንቃቄ ሲነበብ ጥብቅ ነው። «ለሁሉም» እና «በማንኛውም ጊዜ» የሚሉትን ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ይዘን ወደየቤታችን ብንገባ፣ ኢንተርኔት አለን ከምንለው መካከል ስንቶቻችን መስፈርቱን እንደምናሟላ አጠራጣሪ ነው። አንድ ስማርት ስልክ ባለበት ቤት፣ ያም ስልክ ጠዋት በባለቤቱ ኪስ ወጥቶ ማታ የሚመለስ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ኢንተርኔት ያለው በወረቀት ላይ ብቻ ነው። የዳሰሳ ጥናት ሠራተኛ በር አንኳኩቶ ሲጠይቅም ብዙ ጊዜ ስለ ቤቱ ሁሉ የሚመልሰው አንድ ሰው በመሆኑ፣ የሚሰጠው «አዎ» በቤቱ ውስጥ ያለውን ልዩነት ይሸፍነዋል።

ልዩነቱ የሚታየው ጥያቄው ከቤተሰብ ወርዶ እያንዳንዱን ሰው በተናጠል ሲደርስ ነው። በዚሁ ኅብረት ግምት እ.ኤ.አ. በ2024 ከዓለም ወንዶች 70 በመቶ የሚሆኑት ኢንተርኔት ሲጠቀሙ ከሴቶች ግን የተጠቀሙት 65 በመቶ ነበሩ፤ በቁጥር ሲሰላ ተጠቃሚ ወንዶች ከተጠቃሚ ሴቶች በ189 ሚሊዮን ይበልጡ ነበር። የሞባይል ኦፕሬተሮች ማኅበር የሆነው ጂኤስኤምኤ ደግሞ በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የሚኖሩ ሴቶች የሞባይል ኢንተርኔት የመጠቀም ዕድላቸው በ2022 ከወንዶች በ19 በመቶ ያነሰ እንደነበረና ይህ ክፍተት በ2023 ወደ 15 በመቶ እንደጠበበ አመልክቷል። እነዚህ ሴቶች በአብዛኛው የሚኖሩት ኢንተርኔት የሚጠቀም ወንድ ባለበት ጣሪያ ሥር ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የኔትወርክ ምሰሶ መቆሙ ብቻውን አይበቃም፤ ከምሰሶው የመጣው ሞገድ በቤቱ ውስጥ በማን እጅ እንደሚወድቅ መታየት አለበት። በዚህም የተነሣ ለቤት የሚገዛ መሣሪያ ዓይነቱ፣ ቅርጹና የሚቀመጥበት ቦታ ሳይቀር ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ትርጉም አለው።

ከስልክ ሆትስፖት ልጀምር፤ ብዙ ቤተሰቦች ተጨማሪ ዕቃ ሳይገዙ የሚጠቀሙት እርሱን ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሌላ ሲም ካርድ፣ ሌላ ጥቅልና ሌላ ቻርጀር አይጠይቅም። ለጊዜያዊ ችግርም ጥሩ መፍትሔ ነው። ለቤተሰብ ቋሚ አገልግሎት ግን ብቁ ነው ብዬ አልመክረውም፤ ምክንያቴም ከባትሪ መድከምና ከስልክ መሞቅ ያለፈ ነው። ሆትስፖት በባሕርይው ፈቃድ የሚጠየቅበት አገልግሎት ነው። አብዛኞቹ ስልኮች የተገናኘ መሣሪያ ለጥቂት ጊዜ ካጡ ባትሪ ለመቆጠብ ሆትስፖታቸውን በራሳቸው ያጠፋሉ። ሚስት ወይም እኅት ሥራ ይዛ ቆይታ ስትመለስ እንደገና «እባክህ ክፈትልኝ» ማለት ይኖርባታል። ለምን እንደፈለገችው ባትጠየቅ እንኳን የምትጠየቅ ይመስላታል። በየዕለቱ የሚደጋገም እንዲህ ያለ ልመና ሰውን ከመጠየቅ ይልቅ መተው ያስለምዳል። ስለ ጤናዋ አንድ ነገር ለማንበብ የፈለገች ሴት፣ ሆትስፖት ለማስከፈት ምክንያቷን መናገር ካለባት ሳታነብ ትቀራለች። በዚህ ላይ ስልኩ ጥሪ በ4ጂ ኔትወርክ ማስተናገድ የማይችል ከሆነ፣ ባለቤቱ ሲደወልለት ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ስለሚወርድ የሌሎቹ ግንኙነት ይዳከማል ወይም ይቋረጣል። ዋናው ጉድለት ግን ከላይ ያልኩት ነው፤ ስልኩ ሲወጣ ኢንተርኔቱ ይወጣል።

ኪስ ዋይፋይ፣ አንዳንዶች ማይፋይ የሚሉት፣ ይህን ችግር የሚፈታ ይመስላል። ሲም ካርድ የሚጎርስ፣ የራሱ ባትሪ ያለው፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ መሣሪያ ነው። አምራቾች ብዙውን ጊዜ አሥር ወይም ከዚያ በላይ መሣሪያ እንደሚያገናኝና በአንድ ቻርጅ ለበርካታ ሰዓታት እንደሚሠራ ይገልጻሉ፤ በአጠቃቀሜ እንዳየሁት ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ስልክ በላይ ሲገናኝበትና ቪዲዮ ሲታይበት ባትሪው ከተጻፈው ቀድሞ ይደክማል። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት መሥራቱ ትልቅ ብልጫው ነው፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን የተሠራው ለተጓዥ ነው፤ ቤት ውስጥም ገብቶ ተጓዥነቱን አይተውም። ቤተሰቡ አንድ ኪስ ዋይፋይ ብቻ ካለው፣ ጠዋት ማን ይዞት ይውጣ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ መልሱም ሳይነገር የታወቀ ነው። «ለሥራ የሚያስፈልገኝ እኔን ነው» የሚል ሰው ይወስደዋል፤ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ከሥራ ስለማይቆጠር ቤት የቀረችው ያለ ግንኙነት ትውላለች። መሣሪያው በሴቲቱ ስም ተገዝቶ በቦርሳዋ የሚውል ከሆነ ፍርዴ ይለወጣል። ከቤት ወጥታ ለምትነግድ፣ ለምትማር ወይም በየቦታው እየተዘዋወረች ለምትሠራ ሴት ግሩም ዕቃ ነው። ለቤት የጋራ ኢንተርኔት ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ምርት ልምጣ። የቤት ራውተር የምለው በሲም ካርድ የሞባይል ኔትወርክ ተቀብሎ በዋይፋይ የሚያሰራጨውንና በኃይል አስማሚ ግድግዳ ላይ ካለ ሶኬት የሚሰካውን ነው። ዋጋቸው ከማይበዛው ሞዴሎች መካከል ብዙዎቹ ምድብ 4 በሚባለው የኤልቲኢ (የ4ጂ ቴክኖሎጂ) ደረጃ የተሠሩ ናቸው፤ ይህ ደረጃ በንድፈ ሐሳብ ለማውረድ እስከ 150፣ ለመጫን እስከ 50 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈቅዳል። በተግባር ይህን ፍጥነት የሚያይ ተጠቃሚ የለም ማለት ይቻላል፤ ውጤቱን የሚወስነው ምሰሶው ያለበት ርቀትና በዚያ ሰዓት በምሰሶው ላይ የተጫነው የተጠቃሚ ብዛት ነው። ለአንድ ቤተሰብ የመልእክት ልውውጥ፣ የቪዲዮ ጥሪ፣ የትምህርት ቪዲዮና የገንዘብ ዝውውር ግን ከተጻፈው ፍጥነት ጥቂቱም ይበቃል። ስለዚህ ስለ ፍጥነት ብዙ አልልም። ኬብል አለው፤ ግድግዳ ላይ ተሰክቷል፤ ማንም በኪሱ ይዞት አይወጣም። በእኔ ሚዛን ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ባሕርይው ይህ መቀመጡ ነው።

መቀመጡ ብቻ ሳይሆን የት መቀመጡም ጉዳይ ነው። ራውተር የሚተከለው ብዙ ጊዜ ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ወይም አባወራው ኮምፒዩተሩን በሚያኖርበት ክፍል ነው። በሌላ በኩል ሴቶች የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፉት ወጥ ቤት፣ ልብስ በሚታጠብበት ቦታና ልጆች በሚተኙበት ክፍል ሲሆን እነዚህ ቦታዎች ደግሞ ከሳሎኑ በአንድ ወይም በሁለት ግድግዳ የተለዩ ናቸው። ዋይፋይ የሚሠራባቸው ሁለት የታወቁ ድግግሞሾች አሉ። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ይከብደዋል፤ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ዝግ ያለ ቢሆንም ግድግዳ አልፎ የተሻለ ይደርሳል። ራውተሩን ተከላችሁ ከመጨረሳችሁ በፊት ስልክ ይዛችሁ እያንዳንዱን ክፍል ዙሩ፤ በተለይ ሥራ የሚበዛበት ክፍል ውስጥ ቆማችሁ ቪዲዮ ክፈቱ። እዚያ የማይደርስ ከሆነ ራውተሩ ወደ ቤቱ መሐል መምጣት አለበት። የሞባይል ኔትወርኩን ለመቀበል መስኮት አጠገብ መሆን ካለበት ደግሞ ከሳሎኑ መስኮት ይልቅ ወደ ወጥ ቤት የሚቀርበውን መስኮት ሞክሩ። የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለው ሞዴል እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አንቴናው መስኮት ላይ ሆኖ ራውተሩ መሐል ቤት ሊቀመጥ ይችላልና።

ከዚህ ጋር የተያያዘና ሻጮች የማይነግሩት ሌላ ነጥብ አለ። በብዙ ቤቶች አዲስ ስልክ ሲገዛ አዲሱን ወንዱ ይይዛል፤ አሮጌው ወደ ሴቲቱ ይወርዳል። አሮጌ ስልክ ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያይ ሊሆን ይችላል። ራውተሩን ያስተካከለው ሰው ፍጥነት ፈልጎ 5 ጊጋኸርዙን ብቻ ከፍቶ ሌላውን ካጠፋው፣ የእርሱ ስልክ እየበረረ የእርሷ ስልክ ኔትወርኩን ጭራሽ አያየውም። እርሷም ስልኬ ተበላሽቷል ብላ ትተወዋለች። ሁለቱንም ድግግሞሾች በአንድ ስም አዋሕደው የሚያሰራጩ ሞዴሎች ይህን ችግር ስለሚያስቀሩ ለቤተሰብ እነርሱን አስቀድማለሁ።

ስለ ጥቅልና ስለ ሰዓት የምለው አለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ክፍያ ከሌለው የእንክብካቤና የቤት ሥራ ሰዓት 76.2 በመቶ የሚሆነውን የሚሠሩት ሴቶች መሆናቸውን አስፍሯል። ይህ ማለት ሴቶች ለራሳቸው የሚያገኙት ጊዜ ቁርጥራጭ ነው፤ ሕፃን እንቅልፍ እስኪወስደው፣ ምጣድ እስኪግል፣ ሁሉም ተኝቶ ቤቱ ጸጥ እስኪል የሚጠበቅ ጊዜ ነው። እንግዲህ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተጠቀሙበት የሚጠፋ ዕለታዊ ጥቅል ለማን ይመቻል? በተከታታይ መቀመጥ ለሚችል ሰው ይመቻል። የኪሷን ሳንቲም ቆጥባ ዕለታዊ ጥቅል የገዛች ሴት ግን ግማሹን ሳትነካው ሊቃጠልባት ይችላል። ራውተር ላይ የሚሞላ ወርኃዊ ጥቅል በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ አምስት ደቂቃ ስታገኝ አምስት ደቂቃ ትጠቀማለች፤ ቀሪው ይቆያታል።

ይቆያታል ያልኩት ግን ሌሎች ካልጨረሱባት ነው። የጋራ ጥቅል ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ በከፍተኛ ጥራት የሚያይና በቀን ጥቂት መልእክት የምትላላክ ሰው ከአንድ ቋት ሲቀዱ ቋቱ የሚጎድለው ለሁለቱም እኩል ነው፤ በወሩ አጋማሽ ሲያልቅ ጥቂት የተጠቀመችው ብዙ ከተጠቀመው ጋር አብራ ትቀጣለች። እርሱ በስልኩ ላይ የራሱ ዳታ ስላለው ይቀጥላል፤ እርሷ ግን ሌላ መንገድ የላትም። አንዳንድ ራውተሮች እያንዳንዱ መሣሪያ የሚጠቀምበትን ፍጥነት የመገደብ አቅም ሲኖራቸው ጥቂቶቹ ደግሞ እያንዳንዱ መሣሪያ ምን ያህል ዳታ እንደተጠቀመ ያሳያሉ። ይህ አቅም ያለውን ሞዴል ማግኘት ከተቻለ ተጨማሪ ዋጋ ቢያስከፍልም ያዋጣል። ቪዲዮ የሚያጫውቱ መተግበሪያዎች ላይ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ መተውም በወር መጨረሻ ለውጡ በግልጽ የሚታይ እርምጃ ነው። የእኔ ምክር ግን ከዚህ ያልፋል። ለራውተሩ ሊገዛ ከታሰበው ጥቅል ትንሽ ተቀንሶ፣ በተቀነሰው ገንዘብ በሴቲቱ ስልክ ላይ በራሷ ስም አነስተኛ ጥቅል ይሞላ። ትልቅ የጋራ ጥቅል ብቻ ካለው ቤት ይልቅ መካከለኛ የጋራ ጥቅልና ትንሽ የግል ጥቅል ያለው ቤት ለሁሉም አባላት የተሻለ ይሠራል።

ስለ ዋጋ ሲነሣ አንድ የታወቀ መለኪያ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ባስቀመጠው ግብ መሠረት የመግቢያ ደረጃ የብሮድባንድ (የፈጣን ኢንተርኔት) አገልግሎት ዋጋ በ2025 በታዳጊ አገሮች ከነፍስ ወከፍ ወርኃዊ አገራዊ ገቢ 2 በመቶ በታች መሆን ነበረበት። ግቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚለካው በአማካይ ገቢ ነው። የሴቶች ገቢ ከአማካዩ በታች በሆነበት ሁሉ፣ ለአማካዩ ሰው 2 በመቶ የሆነው ዋጋ ለእርሷ ሦስት ወይም አራት በመቶ ሊሆን ይችላል፤ የራሷ ገቢ ለሌላት ሴት ደግሞ መቶኛው ትርጉም የለውም፤ ጥቅሉን የሚሞላው ሌላ ሰው ነውና። ራውተር ይህን ሸክም በቤተሰብ ደረጃ ስለሚያከፋፍለው ለየስልኩ ጥቅል ከመግዛት ይልቅ በአንድ ሰው ሲሰላ ይቀላል። ወጪው «የቤት ወጪ» ተብሎ ከመብራትና ከውኃ ጋር መመዝገቡም ለሴቲቱ ይጠቅማታል፤ የእርሷ ኢንተርኔት የእርሷ ቅንጦት መባሉ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ የማነሣው ስለ ቁጥጥር ነው፤ በእኔ ግምት በእነዚህ ምርቶች ላይ ከሁሉ የከፋው ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው። ራውተሩ የሚተዳደረው በማስተዳደሪያ ገጹ ወይም በስልክ መተግበሪያ በኩል ነው። ርካሽ ሞዴሎች ላይ ያለው የአስተዳዳሪ መለያ አንድ ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃሉን የያዘው ሰው የቤቱን ኢንተርኔት ሁሉ ይዟል። ማን እንደተገናኘ ያያል፣ አንዱን መሣሪያ ለይቶ ማገድ ይችላል፣ ለልጆች ተብሎ በተሠራው የሰዓት ገደብ የሚስቱን ስልክ ከምሽት በኋላ ሊዘጋው ይችላል። አንዳንድ ሞዴሎች የተጎበኙ ድረ ገጾችን እስከ መመዝገብ ይደርሳሉ። አምራቾች ይህን «የቤተሰብ ቁጥጥር» ብለው በማሸጊያው ላይ በኩራት ይጽፉታል፤ ተቆጣጣሪው ማን፣ ቁጥጥር የሚደረግባት ማን እንደሆነች ግን አይጠይቁም። ልጅን ለመጠበቅ የተሠራ መሣሪያ አዋቂን ሰው ለመቆለፍ ሲውል ምርቱ ያንን የሚከለክል ምንም ነገር የለውም።

ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ኦፕሬተሩ የሚልከው አጭር መልእክትም የሚደርሰው ራውተሩ ውስጥ ላለው ሲም ካርድ ነው። መልእክቱን ማንበብ የሚቻለው ደግሞ በማስተዳደሪያ ገጹ በኩል ነው። ስለዚህ ምን ያህል እንደቀረ የሚያውቀው አስተዳዳሪው ብቻ ሲሆን ሌሎቹ ማለቁን የሚያውቁት ሲቋረጥባቸው ነው። በፊት ለፊታቸው ትንሽ ስክሪን ኖሯቸው ቀሪውን ዳታ ለማንም አላፊ አግዳሚ የሚያሳዩ ሞዴሎች በዚህ ምክንያት ከኔ ዘንድ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛሉ። የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል ከራውተሩ ሥር በታተመ ወረቀት ላይ ተለጥፎ መምጣቱም ሊመሰገን ይገባል፤ ገልብጦ ማንበብ የሚችል ሁሉ ይገባል፣ ማንንም አይለምንም። ፊደል ለማይቆጥሩ እናቶችም በካሜራ የሚነበበው ባለ አራት ማዕዘን ኮድ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ረጅም የይለፍ ቃል ፊደል በፊደል ከመጻፍ ያድናቸዋል። የይለፍ ቃሉ ሲቀየር ግን ወረቀቱ ዋጋ ስለሚያጣ፣ አዲሱ ተጽፎ ሁሉም የሚያየው ቦታ ይለጠፍ።

ሲም ካርዱ በማን ስም ይመዝገብ የሚለውም እንደ ቀላል ነገር መታለፍ የለበትም። በብዙ አገሮች ሲም ካርድ ለማውጣት መታወቂያ ግዴታ ነው፤ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ደግሞ መታወቂያ የሌላቸው ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ። አንዲት የማውቃት እናት የራውተሩ ሲም ካርድ ሲበላሽባት ወደ አገልግሎት ማዕከል ሄዳ ሲም ካርዱ በስሟ ስላልሆነ ባለቤቱ ራሱ መምጣት አለበት ተብላ ተመልሳለች፤ ባለቤቷ ሩቅ ቦታ ለሥራ ሄዶ ነበርና እስኪመለስ ድረስ ቤቱ ያለ ኢንተርኔት ቆየ። ደንቡን አልቃወመውም፤ ሰው በሌላው ስም ሲም ካርድ እንዳያወጣ የሚጠብቅ ደንብ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ምክር ግን ግልጽ ነው። የቤት ራውተር ሲም ካርድ ቤት በሚውለው ሰው ስም ይመዝገብ። ያ ሰው በብዙ ቤት እማወራዋ ናት።

ራውተር የማይፈታው ነገር እንዳለም በግልጽ መነገር አለበት። ስልክ በሌላት ሴት እጅ ዋይፋይ ምንም አይደለም። በጂኤስኤምኤ ግምት በ2023 በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ሴቶች የስማርት ስልክ ባለቤት የመሆን ዕድላቸው ከወንዶች በ13 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ከመሰናክሎቹም መካከል የስልክ ዋጋ፣ የማንበብና የዲጂታል ክህሎት እጥረት በተደጋጋሚ ከፊት ይጠቀሳሉ። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች የሞባይል ስልክ ባለቤትነት በጾታ ተለይቶ እንዲለካ ማድረጋቸው ተገቢ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ መለኪያው የሚጠይቀው በቤት ውስጥ ስልክ መኖሩን ሳይሆን የእርሷ የራሷ ስልክ መኖሩን ነው። በቤቱ ያለው ገንዘብ ለራውተር ወይም ለሁለተኛ ስማርት ስልክ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ያለ ማመንታት ስልኩን ግዙ እላለሁ። ራውተሩ በኋላ ይደርሳል።

ለጊዜው አንድ ስልክ በጋራ ለመጠቀም የተገደዱ ደግሞ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ፣ ማለትም ከአንድሮይድ 5.0 ወዲህ፣ ለየተጠቃሚው የተለየ መለያ የመክፈት አቅም መኖሩን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መተግበሪያ፣ የራሱ ፎቶና የራሱ መልእክት ይኖረዋል። አንዳንድ አምራቾች ይህን አቅም ከስልኮቻቸው ላይ ስለሚያነሡት ከመግዛት በፊት ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ፍርዴን ላስቀምጥ። በቤቱ ቢያንስ ሁለት ስማርት ስልኮች ካሉና አንዷ ባለስልክ ሴት ከሆነች፣ በሲም ካርድ የሚሠራ የቤት ራውተር ከስልክ ሆትስፖትና ከኪስ ዋይፋይ ይልቅ ሊገዛ የሚገባው ነው። ከሞዴሎቹ መካከል ሁለቱንም የዋይፋይ ድግግሞሾች የሚሰጠው፣ ቀሪ ዳታ በፊት ለፊቱ የሚያሳየውና የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለው ይመረጥ። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ደግሞ ከትንሽ የባትሪ ማጠራቀሚያ ጋር አብሮ መገዛት አለበት፤ አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ የውጭውን ሰው ስልክ የማይነካ ችግር ቤት የዋለችውን ብቻ ይነካታል። አምስተኛ ትውልድ የሚሉትን ውድ ሞዴል ለማግኘት ሲባል የሴቲቱ ስልክ መቀየሪያ ገንዘብ ከተነካ ግን ግዢው ትክክል አይደለም።

አምራቾች ይህን ካነበቡ ሁለት ነገር እጠይቃቸዋለሁ። አንደኛው፣ በርካሹ ሞዴል ላይም ሁለተኛ የአስተዳዳሪ መለያ ይኑር፤ አንዱ አስተዳዳሪ ሌላውን መሰረዝ ወይም ማገድ እንዳይችልም ተደርጎ ይሠራ። ሁለተኛው፣ የጥቅል ማለቂያ መልእክት ለአንድ ሰው ብቻ ከሚደርስ ቤተሰቡ ለመረጣቸው ሁለት ወይም ሦስት ስልክ ቁጥሮች ይድረስ። ሁለቱም በሶፍትዌር ማሻሻያ ሊመጡ የሚችሉ ለውጦች ናቸው፤ አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልጋቸውም።